ሦስት ከረጢት ሲሚንቶ

ነገሩ ሦስት ከረጢት ሲሚንቶና የአንድ ቅዳሜ ገበያ አስወጣኝ። ላሊበላ ያለውን የእህቴን መድኃኒት ቤት ደረጃ አፍርሼ ዊልቸሯ የሚወጣበት ተዳፋት ሳሠራ፣ የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ ልጅነቴን አመጣብኝ።

እግሯ የማይታዘዝላትን እህቴን ያኔ እናቴ ከአሸተን ተራራ ሥር አዝላ ጤና ጣቢያ አደረሰቻት። ኃላፊው ከአዲሱ ደረጃ አናት ላይ ቆሞ፣ «ሲሚንቶው አልደረቀም፤ ሁለት ሰው አይችልም። ልጅቷ በእግሯ ትውጣ!» አለ።

እናቴ «እሺ ጌታዬ» አለችና ሳታሳክማት መለሰቻት። መንገድ ላይ ግን፣ «ጉልበት ብድር ነው» አለችኝ። የደከማት መስሎኝ ነበር።

ዛሬ ያ ኃላፊ አርጅቶ በሁለት ክራንች ተዳፋቱን ወጣ። እህቴ፣ «ቀስ ይበሉ አባባ» አለችው። እኔ ደግሞ፣ «አይዞዎት፣ ይሄ ሲሚንቶ ሁለት ሰው ይችላል!» አልኩት። አወቀን።

ሦስት ከረጢት ሲሚንቶ ወጣ፤ አንድ አንገት ተደፋ።