በሰው ደጅ አይሮጥም

የዳሞታን ተራራ በሩጫ የሚዞር ሰው ሶዶ ውስጥ ጤነኛ ነው ተብሎ አይታመንም። እኔና ጓደኛዬ ቅዳሜ ማለዳ ቁምጣ ለብሰን ስንወጣ የባጃጅ ሾፌሮች ፍጥነታቸውን ቀንሰው "ግቡ እንጂ፣ በነጻ እናድርሳችሁ" ይሉን ነበር። ጎረቤት ሚስቴን "ምን ጎድሎበት ነው?" ብሎ ጠይቋታል። እሷም "እኔስ መች አወቅሁት" ብላ መለሰች። እውነቷን ነው።

እኔ የሂሳብ አስተማሪ ነኝ። እሱ በዴሳ በምትባል ከተማ ስፖርት ያስተምር ነበር፤ ዓርብ ማታ ሶዶ ይገባና እሁድ ይመለሳል። ሩጫ ያስጀመረኝ እሱ ነው፤ ያስጀመረኝም በምክር ሳይሆን በስድብ ነው። አንድ ቀን ሰው ፊት "ሆድህ ከአንተ ቀድሞ ክፍል ይገባል አሉ" አለኝ። ሦስት ቀን አኮረፍኩት። በአራተኛው ቀን ጫማ ገዛሁ።

ዙሩ ከከተማው ጫፍ ይጀምራል። መጀመሪያ በባሕር ዛፉ መሃል ቀጥ ያለ ቀይ ዳገት አለ፤ ዝናብ ከዘነበ ሁለት እርምጃ ወጥተህ አንድ ትንሸራተታለህ። ከዚያ ገብስና ድንች የሚዘራበት ብርዳማ ሜዳ ይመጣል። ከሜዳው በላይ የተራራው አንገት አለ፤ በሁለቱ ጫፎች መሃል ዝቅ ብሎ ወደ ጀርባው የሚያሻግር በር ነው። እዚያ ጉም ከያዘህ ከፊትህ የቆመ በሬ እንኳ አይታይህም። ጉሙ ከተነሣ ግን ከኋላህ የሶዶ ቆርቆሮ ሁሉ ያብረቀርቃል፣ ራቅ ብሎም አባያ ሐይቅ ይታያል። ሰው የሚፈራው ዳገቱን ነው። ጉልበት የሚጨርሰው ግን ከአንገቱ ወዲያ ያለው ቁልቁለት ነው። እሱ እንደ ፍየል ይወርደዋል። እኔ ግማሹን በእግሬ፣ ግማሹን በመቀመጫዬ እወርዳለሁ። ቁልቁለቱ ሲያልቅ አንድ ትልቅ ዝግባ አለ፤ ከአንገቱ የሚወርደውና ከመኪና መንገዱ የሚመጣው የእግር መንገድ ሥሩ ይገናኛሉ። ከዝግባው ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ በእንሰት መሃል፣ የእናቱ ቤት ነው። እዚያ አርፈን የተራራውን ግርጌ ዞረን ወደ ሶዶ እንመለሳለን።

መጀመሪያ የዞርን ቀን ጉድ ሆነ። እንደ ሞኝ እስከ ደጃቸው በሩጫ ወረድን። በዚያ አገር በማለዳ ከከተማ በኩል የሚሮጥ ሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መርዶ ነው። ሁለት አስተማሪዎች ደግሞ ስፖርት ብለን ይህን ረሳነው። እሱ እዚያው ተወልዶ አድጎ መርሳቱ ነው የሚያስቀው። ስንደርስ ጎረቤቱ ወጥቷል፣ ሴቶቹ እጃቸውን አናታቸው ላይ ጭነዋል። እናቱ ልጃቸው ከነሕይወቱ ፊታቸው ቆሞ "ማን ሞተ? ማን ነው የሞተው?" ይላሉ። አንዲት ጎረቤታቸው ለማን እንደሆነ ሳታውቅ ለቅሶውን ጀምራዋለች። ማንም እንዳልሞተ ሲነገራት ተቆጣች፤ "እና እንባዬን ማን ሊመልስልኝ ነው?" አለች።

እናቱም ያን ቀን ሕግ አወጡ። "በሰው ደጅ አይሮጥም። ከዝግባው ጀምራችሁ እንደ ሰው በእርምጃ ኑ" አሉን። ወላይትኛዬ የገበያ ነው፤ ቁጣ ግን በየትኛውም ቋንቋ ይገባኛል።

ከዚያ በኋላ ለስድስት ዓመት ዝግባው ሥር ስንደርስ ሩጫችንን እየቆረጥን በእርምጃ ወረድን። ከሩቅ ቀስ ብለን ስንመጣ ሲያዩን ደኅና መሆናችንን ያውቃሉ፤ ገብተው ሁለት በርጩማ ያወጣሉ። የተቀቀለ ስኳር ድንች፣ እርጎ በቅል። እሳቸው አይቀመጡም፤ ቆመው እኛን ማየት ነው ሥራቸው። ሁልጊዜ "ማን አባሯችሁ ነው?" ይላሉ። እሱም ሁልጊዜ "እርጅና ነው የሚያባርረን" ብሎ ይመልሳል። በየሳምንቱ ያችኑ ጥያቄ፣ ያችኑ መልስ፤ በየሳምንቱም እንደ አዲስ ይሥቃሉ። እኔ ያኔ ይሰለቸኝ ነበር። አሁን ያን ሳቅ አንድ ጊዜ ለመስማት ዳሞታን ሦስቴ እዞራለሁ።

አንድ ዓርብ አመሻሽ ላይ ከበዴሳ ሲመጣ የተሳፈረበት ሞተር ጭቃ ላይ ተገለበጠ። ሆስፒታል ደረሰ፤ አላደረም።

መርዶ በማለዳ ነው የሚነገረው፣ የሚነግረውም ሽማግሌ ነው። ከቤተ ክርስቲያናቸው ሦስት ሽማግሌዎች ተመረጡ። ቤቱን የማውቀው እኔ ስለሆንኩ መንገድ መሪ ሆንኩ። መኪናው ጭቃ ሲይዘው ወርደን በእግር ቀጠልን። ሽማግሌዎቹ ጫማቸው እየተያዘ ወደ ኋላ ቀሩ፤ እኔ ሳላስበው ቀደምኩ። ከዝግባው ጀምሮ ቀስ ብዬ በእርምጃ ወረድኩ። ለምን ይሉኛል? ስድስት ዓመት እንደዚያ ስለወረድኩ ነው፤ እግሬ ሌላ አያውቅም። ቀኑ ደግሞ ቅዳሜ ነበር።

እናቱ ደጃቸው ቆመው አዩኝ። በእርምጃ እየመጣሁ ስለነበር ደስ አላቸው። "ዛሬስ ቀደምከው!" አሉኝ። መልስ ሳይጠብቁ ገቡና ሁለት በርጩማ ይዘው ወጡ። አንዱን አስቀመጡ። ሁለተኛው እጃቸው ላይ እያለ ሽማግሌዎቹ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ከእንሰቱ ጀርባ ብቅ አሉ።

ሌላውን አልጽፈውም። ለቅሶ የሚያውቅ ያውቀዋል። እኔን የሚበላኝ ግን ያች "ዛሬስ ቀደምከው" ናት። ቃል ሳልተነፍስ በእርምጃዬ ዋሸኋቸው። ያን ጠዋት ብሮጥ ኖሮ ቢያንስ ሥቀው አይቀበሉኝም ነበር።

ከአርባው በኋላ ወደዚያ ደጅ መሄድ አቃተኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ወደ ዱቦ በሚወስደው መንገድ ዳር ዳሩን ሮጥኩ፤ ሚኒባስ ጡሩምባውን እየነፋብኝ፣ አቧራውን እያለበሰኝ። አንዳንዴ ብቻዬን እስከ አንገቱ እወጣለሁ። ጉሙ ሲገለጥ ዝግባው ይታየኛል፣ ከሥሩ እንሰቱ፣ ከእንሰቱ በላይ የቤቱ ጭስ። ቆሜ አይና እመለሳለሁ። ናፈቀኝ፤ ምን እደብቃለሁ። ከፊቴ ቁልቁለቱን ሲወርድ የጫማው ድምፅ ናፈቀኝ። ስድቡ ናፈቀኝ። ሆዴ ተመልሶ መጥቷል፣ የሚሰድበኝ ግን የለም። ከሁሉም በላይ ያች በርጩማ ላይ ዳግመኛ መቀመጥ ፈለግሁ፤ በምን ፊቴ እንደምቀመጥ ደግሞ አላውቅም።

ባለፈው መስከረም የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ሲቃረብ ሶዶ ገበያ ቅቤ ልገዛ ሄድኩ። ቅቤ ሻጯ የዘረጋሁላትን ቅል ትታ እጄን ያዘችው። ያች እንባዬን መልሱልኝ ያለች ጎረቤታቸው ናት።

"እናቱ ለምን ቀረ ይላሉ" አለችኝ።

የቅቤውን ዋጋ ጠየቅኋት።

"ቂም ከሌለው ጊፋታ ሳይገባ ይምጣ ብለዋል። ቂም ካለውም ይምጣ፤ ቂም ተይዞ ወደ አዲስ ዓመት አይሻገርም ብለዋል።" ቅቤውን መመዘን ጀመረችና ቆም አለች። "ደግሞ ሲመጣ በሩጫ ይምጣ አሉ። ከዝግባው በእርምጃ የሚወርድ ሰው ባየሁ ቁጥር ልቤ ቀጥ ይላል ብለዋል።"

ቅቤውን ሳልቀበል ልወጣ ስል ጠርታ ሰጠችኝ።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ብቻዬን ወጣሁ። ዳገቱ ሳንባዬን በአፌ ሊያስወጣው ደረሰ። አንገቱን በጉም ተሻገርኩ፣ ቁልቁለቱን እንደ ልማዴ ግማሹን በመቀመጫዬ ወረድኩ። ዝግባው ሥር ስደርስ እግሬ በራሱ ቆመ። ያልተፈታ የጫማ ማሰሪያዬን ጎንበስ ብዬ አሰርኩ። ፈታሁና ደግሜ አሰርኩ። ከዚያ ሮጥኩ።

ጎረቤቱ እንደዚያን ጊዜው ከየደጁ ወጣ። የጮኸ የለም። እናቱ ደጃቸው ላይ ቆመው ነበር፤ ስሮጥ ሲያዩኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉና ቆየት ብለው አወረዱት። ፊታቸው ደርሼ ቆምኩ። ትንፋሼ አልመለስ አለኝ።

"ማን አባሮህ ነው?" አሉኝ።

"እርጅና" አልኩ።

አልሣቁም። ገቡና ሁለት በርጩማ ይዘው ወጡ። አንዱን ለእኔ አስቀመጡልኝ። ሁለተኛውን ይዘው ጥቂት ቆሙ፤ ከዚያ አጠገቤ አስቀምጠው ተቀመጡበት። በዚያ ሁሉ ዓመት ተቀምጠው አይቻቸው አላውቅም ነበር።