የግራው ሰላምታ

ሐኪሟ ስትሮክ ከመታው ባለቤቴ በስተግራ ቆማ «እስኪያዩኝ ይዙሩ» ስትለው ትንፋሼን እይዛለሁ።

በደርግ ጊዜ፣ ሐይቅ ከተማ፣ ልጅ ሳለሁ አያቴም እንዲሁ ታሞ በግራው ያለው ሁሉ ከዓይኑ ጠፍቶበት ነበር። ሶላቱን ሲጨርስ ወደ ቀኝም ወደ ግራም ሰላምታ መስጠት ሲገባው፣ ወደ ቀኝ ያሰላምትና ግራውን ይረሳዋል። እናቴ በግራው አስቀመጠችኝ፤ «ዞሮ ሳያይሽ እንዳትነሺ!» ብላ። ቀስ በቀስ መዞር ለመደ። ዞሮም በሹክሹክታ «አባትሽ በላ?» ይለኛል። አባቴ አፈሳውን ሸሽቶ ቆጥ ላይ ተደብቆ ነበር።

አንድ ቀን የቀበሌ ታጣቂ አባቴን ፍለጋ መጣ። አያቴ ሶላት ላይ ስለነበር ታጣቂው እስኪጨርስ ሊጠብቅ ጠመንጃውን አቅፎ በግራው፣ በእኔ ቦታ ተቀመጠ። አያቴ ወደ ቀኝ አሰላመተ። ያ አላህ፣ ዛሬስ ግራውን ይርሳው አልኩ። ዞረ፤ ግን ዓይኑ ሰውየው ፊት ሳይደርስ ቆመ።

«አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላህ» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አባትሽ በላ?»

ታጣቂው ቀና ብሎ ቆጡን አየ።

«ትንሽ ቀረዎት» ትላለች ሐኪሟ፣ «ይዙሩ።»