ቁልቁለት ላይ ሰላምታ

ብስክሌት ለመካነ ሰላም ክረምት አልተሠራም። ይህን ያልነገረኝ ሰው የለም። ጎረቤቶቼ ነግረውኛል፣ ጎማ የሚለጥፍልኝ ሰውዬ ነግሮኛል፣ ባለቤቴም ጠዋት ቦቲ ጫማዬን ሳጠልቅ ቆማ እያየችኝ ምንም ሳትናገር ትነግረኛለች። እኔ ደግሞ አትችልም ሲሉኝ የሚብስብኝ ዓይነት ሰው ነኝ።

የምሠራው ከከተማው በታች፣ ወንዙ ዳር ባለ የችግኝ ጣቢያ ነው። ለእኛ ክረምት ማለት የዓመቱ ልፋት ፍሬ የሚታይበት ጊዜ ነው፤ ችግኝ ሊወስድ የመጣ ገበሬ ከነአህያው ገና በማለዳ በራችን ላይ ይቆማል። በበጋ ወደዚያ የሚወርድ መኪና አይጠፋም። ዝናቡ ጠበቅ ሲል ግን ሚኒባሶቹ ይቀራሉ፤ ባልደረቦቼም ሰኔ ሲገባ ጣቢያው አጠገብ ቤት ተከራይተው እስከ መስከረም እዚያው ይከርማሉ። ቅዳሜ ማታ ወደ ቤተሰብ፣ ሰኞ ጠዋት ወደ ጭቃ ነው ኑሯቸው። እኔም እስከ ዓምና እንደዚያው ነበርኩ።

ዘንድሮ ግን ሚያዝያ ላይ የመጀመሪያ ልጃችን ተወለደች። ዓምና በክረምት አንዱ ባልደረባዬ ቅዳሜ ማታ ቤቱ ይዞኝ ሄዶ ነበር። በር ላይ ስንደርስ ትንሹ ልጁ አባቱን ሲያይ ሮጦ እናቱ ቀሚስ ውስጥ ተወሸቀ። ባልደረባዬ ሳቀና «እስኪለምደኝ እሑድ ይመሻል፤ ከዚያ ደግሞ ሰኞ ነው» አለኝ። ያኔ ልጅ አልነበረኝም፤ ነገሩ ግን ከሆዴ አልወጣም። የእኔዋ እንደዚያ እንድትሸሸኝ አልፈለግሁም።

ስለዚህ ከባለቤቴ ጋር ተስማማን። ብስክሌቱ ክረምቱን ከቻለው ማታ ማታ ቤቴ አድራለሁ፤ ካልቻለው እንደሌሎቹ ተከራይቼ እከርማለሁ። «ተሰብረህ ከመጣህ ግን አላውቅልህም» አለችኝ፤ «እዚህ ቤት የሚታቀፍ ሰው አንድ ይበቃኛል።»

እውነቱን ለመናገር ጠዋቱን እወደዋለሁ። መንገዱ ከቤቴ በር ጀምሮ ቁልቁል ነው። ጉሙ ከገደሉ ሽቅብ ሲወጣ እኔ በውስጡ እወርዳለሁ፤ ጆሮዬ በብርድ ይቆረጣል፣ ጣቶቼ አይታወቁኝም፣ ደረቅ ሱሪዬ በፌስታል ተጠቅልሎ ጀርባዬ ላይ ነው። ማታ ሽቅብ ስመለስ ከመንገዱ ግማሹን እየገፋሁት ነው የምሄደው። ደጃፍ ስደርስ ደወሉን አንዴ እደውላለሁ። ውስጥ ያለችው ልጅ ደወሉን ስትሰማ እግሯን እንደምታወራጭ ባለቤቴ ነገረችኝ፤ ከዚያ ወዲህ ደውዬ ሳልገባ የቀረሁበት ቀን የለም።

የመንገዱ ጣጣ መሀል ላይ ያለው ዋልካ ነው። ጥቁሩ ጭቃ በጎማውና ከላዩ ባለው የጭቃ መከላከያ፣ በፓራፋንጎው መካከል ገብቶ ይጠቀጠቅና ጎማው አልዞርም ይላል። ያኔ እሱ እኔን መሸከሙን ይተውና እኔ እሱን እሸከማለሁ። በሰኔ የመጀመሪያ ቀናት ከወገቤ በታች ጭቃ ሆኜ፣ ገበሬዎቹ ሲጠብቁኝ አርፍደው፣ አለቃዬም ሰዓቱን እያየ ነበር የምደርሰው። በኋላ ከዋልካው ዳር በአንድ ሽማግሌ ማሳ ጠርዝ የሚያልፍ ድንጋያማ ቁልቁለት አገኘሁ። ሽማግሌው ቁርኣን የሚያስተምሩ ሼህ ናቸው። ልለፍ ወይ ብዬ ስጠይቃቸው «እለፍ ልጄ፣ መሬቱ የአላህ ነው» አሉኝ። «ባቄላዬን ብቻ እንዳትረግጥብኝ።»

በእኛ አገር በቅሎ ላይ ያለ ሰው ሽማግሌ ሲያይ ይወርዳል። ለብስክሌት የተለየ ሕግ የወጣለት አይመስለኝም። ሼሁ ከጠዋት ሶላት በኋላ ጋቢያቸውን ደርበው ቁልቁለቱ ሥር፣ አጥራቸው ጥግ ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። እኔም ከላይ ጀምሬ ፍሬን ይዤ፣ አጠገባቸው ስደርስ ወርጄ፣ ጎንበስ ብዬ እሳለማለሁ። «እንዴት አደርክ? ቤት ደህና? ሚስትህ ደህና? ልጆች ደህና? ከብቱስ?» ይሉኛል። ከብት የለኝም። ግን ደህና ነው እላለሁ፣ አልሐምዱሊላህ ይላሉ፣ እንደገና ከመጀመሪያው እንጀምራለን። ረፍዶብኝ ብቸኩልም ያን ሰላምታ ወደድኩት።

ሐምሌ ላይ አንድ ጠዋት ዝናቡ ሳያባራ ወጣሁ። ቁልቁለቱ አናት ላይ ፍሬኑን ብጨብጠው ምንም የለም፤ ጎማው ረጥቦ የፍሬኑ ላስቲክ ዝም ብሎ ይንሸራተታል። ሼሁ አይተውኝ ሊቀበሉኝ ከድንጋዩ ብድግ ብለዋል። እኔ እግሬን በሁለቱም በኩል ዘርግቼ፣ አፌን ከፍቼ፣ አንድ ቃል ሳልተነፍስ በአጠገባቸው ተፈተለክሁ። ነጩን ጋቢያቸውን ጭቃ ሲረጨው በጎን አየሁት። የቆምኩት ከታች ሜዳው ላይ ስደርስ ነው፤ ረፍዶብኝ ስለነበር ማታ ይቅርታ እላለሁ ብዬ ሄድኩ። ማታ ስመለስ አልነበሩም።

በማግስቱ መግቢያው በእሾህ ታጥሯል። ችግኝ ሊወስዱ ከመጡት ገበሬዎች አንዱም «ሽማግሌ ቆሞ ሲቀበለው የማይወርደው አንተ ነህ?» አለኝ። ወደ ዋልካው ተመለስኩ። ክረምቱ ገና ግማሹ አላለቀም፤ እኔ ግን በየቀኑ ብስክሌቱን ትከሻዬ ላይ አድርጌ እየዘገየሁ ነው። አለቃዬ «ከጎኔ ያለው ክፍል እስከ አሁን አልተከራየም» አለኝ። በክፋት አልነበረም።

እኔ እንደሆንኩ አኩራፊ ነኝ። ሄጄ ማስረዳት ሲገባኝ ቤቴ ገብቼ አጉረመረምኩ።

«ሂድና አፉ በሉኝ በላቸው» አለች ባለቤቴ።

«ፍሬኑ ነው እንጂ እኔ ምን አደረግሁ?»

«እንግዲያው ፍሬኑን ላከዋ» አለችና ልጅቱን አስታቀፈችኝ። ልጅቱ ጢሜን ይዛ ትጎትታለች። ክፍሉን ከተከራየሁ ይህን ጢም መስከረም ላይ እንደማታውቀው አሰብኩና ኩርፊያዬ ወዲያው ለቀቀኝ።

ቅዳሜ ብስክሌቱን እየገፋሁ ሄድኩ። ካፊያ ነበር። ሼሁ ድንጋያቸው ላይ ተቀምጠዋል።

«አፉ ይበሉኝ አባቴ፤ ንቄዎት አይደለም። ሲረጥብ አይቆምም።»

«የማይቆም ነገር ላይ ማን ውጣ አለህ?» አሉ ቀና ብለው ሳያዩኝ። ከዚያ ብስክሌቱን በዱላቸው ነካ አድርገው «እስቲ አሳየኝ» አሉ።

ሽቅብ ገፍቼ ወጣሁና ቁልቁል ለቀቅሁት። ሁለቱንም ፍሬን ባለ በሌለ ኃይሌ ጨበጥኩ። ብስክሌቱ ሲጥጥ እያለ፣ እኔ «አይቆምም! ያዩታል? አይቆምም!» እያልኩ በፊታቸው አለፍኩና ከአጥሩ ማዶ ያለው ቦይ ውስጥ ገባሁ። ቀና ስል ሼሁ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። መጥተው በእጃቸው ጎትተው አወጡኝ። ክንዴ ተልጧል፣ ግን አልታወቀኝም።

«ወላሂ እውነትህን ነው» አሉ። «ለመሆኑ እቤትህ ምን አለና ነው እንዲህ የሚያስነዳህ?»

ስለ ልጄ ነገርኳቸው። ተከራይቼ ብከርም እንዳትረሳኝ መፍራቴንም ነገርኳቸው። ለሰው የማልናገረውን ነገር ለምን ለእሳቸው እንደዘረገፍኩት አላውቅም፤ ምናልባት ከቦይ ያወጣን ሰው ፊት ኩራት ስለማይቀር ይሆናል።

ሼሁ ሳቃቸውን ተዉት። «የእኔ ልጆች ሦስቱም ጅዳ ናቸው» አሉ። «የልጅ ልጆቼን በድምፅ ነው የማውቃቸው። አንዱን ከሌላው የምለየው በሳሉ ነው።» ከዚያ መግቢያው ድረስ አብረውኝ ወጡና እሾሁን ራሳቸው በዱላቸው ገፈተሩት። «እለፍ። አንድ ነገር ብቻ፦ እላይ ስትደርስ ደወሉን ደውልልኝ። እኔ ከብስክሌቱ ወርደሃል ብዬ እይዝልሃለሁ።»

ከዚያ ወዲያ ጠዋታችን እንደዚህ ሆነ። ቁልቁለቱ አናት ላይ እደውላለሁ። ከጉሙ ውስጥ «ወርደሃል!» የሚል ድምፅ ይመጣል። እኔ እንደ ወፍ አልፋለሁ፣ ከኋላዬ «ሕፃኒቱ ደህና? ከብቱስ?» ይከተለኛል፣ እኔም ዞር ሳልል «ደህና!» እላለሁ። ማታ እየገፋሁ ስወጣ ካገኙኝ «ገና እዚህ ነህ? ግባ እንጂ!» ይሉኛል። ነሐሴ በዚህ ሁኔታ አለፈ። ሁለት ጊዜ ወደቅሁ፣ አንድ ጊዜ ጎማው ፈነዳ፣ ፓራፋንጎውን ነቅዬ ጣልኩት፤ ከቤቴ ውጭ ግን አንድም ሌሊት አላደርኩም።

መስከረም ላይ ሰማዩ ጠራ፣ ድንጋዩም ደረቀ። አንድ ዓርብ ጠዋት ፍሬኑ ቀጥ አድርጎ ያዘልኝ። ሼሁ አጠገብ ስደርስ ከሐምሌ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወረድኩና እጃቸውን ያዝኩ።

«ምነው? ተበላሸ?» አሉኝ ደንግጠው።

«ኧረ ደህና ነው አባቴ፤ ደረቀና ቆመ።»

ቅር ያላቸው መሰለኝ። ያን ጊዜ ነው በሌላ እጃቸው ስልክ መያዛቸውን ያየሁት። ከጅዳ የሚያናግራቸው ሰው ነበር። ስልኩን ወደ ብስክሌቱ አስጠጉና «ዛሬ ደወሉን ሳትደውል መጣህብን እኮ፤ ጠዋት ጠዋት በስልክ የሚሰሙህ ልጆች እየጠበቁ ነበር። እስቲ ደውልላቸው» አሉኝ።

ደወልኩ።  በስልኩ ውስጥ አንድ ሕፃን ሳል አለና በሙሉ ጉሮሮው «ወርደሃል!» ብሎ ጮኸ።

«ሰማኸው?» አሉኝ ሼሁ። «ትንሹ ነው።» ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርገው ወደ አጥሩ ዞሩ፤ ፊታቸውን እንዳላየው ይመስለኛል። ብስክሌቱን እየገፋሁ ሜዳው ድረስ በእግሬ ሄድኩ። የዚያን ዕለት ማታ ደጃፌ ላይ ስደርስ ደወሉን ሁለቴ ደወልኩት።