ጣሳው ውስጥ የቆየው ፈረሰኛ

የፍሪጅ ሞተር ሲንዘፈዘፍ ቆይቶ ድንገት ጸጥ ሲል ከሰማሁ፣ እኔ፣ ነፋስ ስልክ ሰፈር ውስጥ ጅብ በጥፊ መታ የተባለልኝ ሰው (ወሬውን ያስወራሁት ራሴ ብሆንም)፣ የያዝኩትን ይዤ ደርቄ እቀራለሁ።

በረዶን ያስተማረኝ ታላቅ ወንድሜ ታደሰ ነው። ሦስተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ስለተማርኳት እንደኔ የሚያውቃት የለም፤ በረዶ ግን እዚያ አልነበረም። ክረምት ላይ በረዶው ቆርቆሯችንን ሲደበድብ፣ ታደሰ በባልዲ ለቅሞ፣ ጨው ነስንሶበት፣ ስኳር የገባበት ውሃ በትንሽ ጣሳ አድርጎ መሃሉ ይቀብረው ነበር፤ ውሃው ሲረጋ እንደ ከረሜላ እንልሰው ነበር። አንዴ ጣሳውን ጢም አድርጌ ሞልቼው ክዳኑ ተገፍቶ ሲነሳ፣ «ውሃ ሲረጋ ያብጣል፣ ልክ እንዳንተ ጉራ» አለኝና እማዬ ከት ብላ ሳቀች።

ጥቅምት ላይ አፈሳ ሆነና ታደሰን ዳቦ ሊገዛ እንደወጣ ለውትድርና ወሰዱት። ሰሜን ሄደ ተባለ።

ፋሲካ ደረሰ። አባታችን ከሞተ ጀምሮ ፈረሰኛው፣ ያ ለአባወራ የሚወጣው የዶሮ ብልት፣ የታደሰ ነበር። እማዬ ማንም እንዳይነካው ብላ፣ በዱቄት ወተት ጣሳ ከነወጡ ጨምራ፣ ለስላሳ ወደሚሸጡት ጎረቤታችን ወደ እትዬ ዘይነባ ፍሪዘር ይዛው ሄደች። እሳቸው ቤት የክርስቲያን ሥጋ ገብቶ አያውቅም። ጣሳውን አዩት፣ እማዬን አዩአት፣ ከዚያ በፌስታል ሁለቴ ጠቅልለው ጥግ ላይ አስቀመጡትና «ልጁ እስኪመጣ ነው፣ ወላሂ ማንም አይነካውም» አሉ። «ድርሻው እስካለ ይመጣል» ትል ነበር እማዬ።

ጣሳው ድንጋይ መሆኑን በየቀኑ እያንኳኳሁ ለእማዬ የምነግራት እኔ ነበርኩ፤ ለሰፈር ልጆች ደግሞ «ወንድሜ ጄኔራል ስለሆነ ምሳው ፍሪዘር ውስጥ ይጠብቀዋል» እል ነበር።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ መብራት ሦስት ቀን ጠፋ፣ ፍሪዘሩም ዝም አለ። እትዬ ዘይነባ «ልጄ፣ ቀልጧል፣ ሳይበላሽ ለእናትህ አድርስላት» ብለው ጣሳውን ሰጡኝ። ከቤታችን ጓሮ ቆሜ ተበላሽቶ እንደሆነ ላሽትተው ብዬ ከፈትኩት፣ ጣቴን ነከርኩ፣ ላስኩት፣ ከዚያ እጄ ላይ አጥንት ብቻ ቀረ። ደንግጬ ጣሳውን ውሃ ሞልቼ፣ ክዳኑን በቡጢ መትቼ፣ «እማዬ እዚያው ይቆይ ብላለች» ብዬ መለስኩላቸው። መብራቱ የዚያኑ ቀን መጣ።

ነሐሴ ላይ አንድ እግሩን ያጣ ወታደር በክራንች እየተንገዳገደ መጥቶ የታደሰን ማተብ ለእማዬ ሰጣት። አልጮኸችም፣ ማተቡን እንደያዘች በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። በረዶን ፀሐይ ይፈታዋል ብሎኝ ነበር ታደሰ፣ ወጥ ላይ የረጋ ቅቤንም እሳት፤ ሰው እንዲህ ሲሆን ምን እንደሚፈታው ግን አልነገረኝም።

ብዙ ቆይታ እትዬ ዘይነባ ጋ ሄደችና ጣሳውን ይዛ መጣች። ክዳኑ ተገፍቶ ተነስቷል፣ ከሥሩ ነጭ በረዶ ይታያል። እማዬ ክዳኑን አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ውሃ ነው» አለች።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አልኳት፤ በሕይወቴ ሳልቀልድ የተናገርኩት የመጀመሪያው ነገር ነው መሰለኝ።

በጣሳው የበረደ እጇን ጉንጬ ላይ አደረገች። «ጣፈጠህ?»

«አዎ።»

«እንኳን በላኸው። አንደኛው ልጄ እንኳ በላው።»

ዛሬ የራሳችን ፍሪጅ አለን፣ በሰፈሩ አንደኛ ነው፣ እሺ፣ አሮጌ ነው። በየፋሲካው እማዬ ፈረሰኛውን ለኔ ታወጣልኛለች። ያኔ ተደብቄ የበላሁት ጣፍጦኝ ነበር፣ አሁን ፊቷ ቁጭ ብዬ የምበላውን ግን በውሃ ነው የማወርደው። መሃል ላይ ሞተሩ ዝም ሲል የሁለታችንም እጅ ትሪው ላይ ይቀራል፤ ተመልሶ እስኪነሳ ድረስ ማናችንም አንጎርስም።