በሁዳዴ ቅቤ የሸጠችው ተማሪ

በጃንሆይ ዘመን አርብ ገበያ በምትባል ከተማ ስድስተኛ ክፍል አስተምር ነበር። አገር ከአገር እንዴት እንደሚነግድ ባስረዳ፣ ባስረዳ ተማሪው አንቀላፋብኝ። ተናድጄ ወለሉን በጠመኔ ከፋፈልኩና እያንዳንዱን ወንበር አገር አደረግሁት። አንዱ አገር ስንዴ፣ አንዱ ጨው፣ አንዱ ሸማ የሚል ወረቀት ይዞ ከጎረቤቱ ይለዋወጣል፤ ብዙ የሰበሰበ ያሸንፋል። እንቅልፋሞቹ ሁሉ የሚከራከሩ ነጋዴዎች ሆኑልኝ።

ወሬው ግን ድጓ እስከሚማሩበት ደብር፣ ቤተ ልሔም ድረስ ሄደ። የክፍሉ ጎበዝ የሆነችው ልጅ አባት፣ ድጓ አዋቂ መሪጌታ፣ መቋሚያቸውን ይዘው መጡ።

"ልጄን የሰጠሁህ ለትምህርት ነው። ጨዋታማ ከሆነ የሚያገባትም ሰው መጥቷል፤ እድራታለሁ" አሉኝ።

"የኔታ፣ ይቀመጡና ይዩት፤ ካልወደዱት ይውሰዷት" አልኳቸው። ምነው አፌን በቆረጠው!

እንድታሸንፍ ብዬ ከሁሉ የሚወደደውን ቅቤ ለእሷ ሰጠኋት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ ሁዳዴ መሆኑን ረስቼዋለሁ። ወረቀቷን ይዛ ብትዞር ማንም እጁን አልዘረጋላትም።

"በጾም ቅቤ? ምን ነካሽ!" አላት የስንዴው አገር ልጅ።

"ወረቀት እኮ ነው!" ብዬ ጮህኩበት።

"ቢሆንስ መምህር፣ የኔታ እያዩ?" አለኝ።

መሪጌታው ጢማቸውን ዳበሱ። ልጅቷ ከንፈሯን ነከሰች። አንጀቴን በላችው፤ ያበላሸሁባት እኔው ነኝ።

ከዚያ ቀና አለች። "ዛሬ ብሉ ማን አላችሁ? ቅቤውን አንጥሬ አስቀምጠዋለሁ። ስንዴውን አሁን ስጡኝ፤ ቅቤውን ለፋሲካ እኔው ራሴ አስረክባችኋለሁ" አለች።

ተሻሙባት። የስንዴውም፣ የጨውም፣ የሸማውም ወረቀት እጇ ላይ ተከመረ።

መሪጌታው ተነሱ። "እንግዲህ ቃል ገብታለች። አሁን ባስቀራት የኔ ልጅ ቃል አባይ ልትባል ነው። እስከ ፋሲካ ትማር፤ ከዚያ ግን እወስዳታለሁ" ብለውኝ ሄዱ።

ፋሲካ አልፎ ትምህርት ሲከፈት የቅቤ ወረቀቷን ቆራርጣ ለየባለቤቱ አስረከበች። አባቷ ሊወስዷት በሩ ላይ ቆመዋል። እኔ እጄ ላይ ያለውን ጠመኔ እሰባብራለሁ። እሷ ግን ከደብተሯ አዲስ ወረቀት ቀደደችና "ቅቤ" ብላ ጻፈችበት።

"ለሚመጣው ዓመት ፋሲካ የማስረክበው ነው" አለች፤ "ማን ይገዛል?"

ክፍሉ በሙሉ እጁን አወጣ። መሪጌታው ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ብቻቸውን ወደ ቤታቸው ተመለሱ።