አይዞዎት ያልኩት እግር

ባለፈው ሳምንት እዚህ በምኖርበት የስዊድን ከተማ ደም ልሰጥ ክሊኒክ ሄጄ ነበር። ነርሷ መርፌውን ሳትነካ ገና «አሁን ትንሽ ይወጋሻል» ስትለኝ ክንዴ በራሱ ሸሸ። እሷ ሳቀች። እኔ ግን አዳዳ ዘሃራ ትዝ አሉኝ።

አዳዳ የአባቴ እህት ናቸው። ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር፣ እሳቸው ቤት ተቀምጬ ነርሲንግ የምማርበት ዓመት ነበር። ቡና ሊያስለቅሙ አጋሮ ሄደው፣ ከጭነት መኪና ሲወርዱ ወደቁና ባታቸው ክፉኛ ተቀደደ። ሐኪሙ ቁስሉ በየቀኑ ካልታጠበ አጥንት ድረስ ሊዘልቅ ይችላል፣ ከዚያ በኋላ ለእግሩ ዋስትና የለኝም አለ። አጣቢዋ እኔ ሆንኩ።

የመጀመሪያውን ሳምንት ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል። «አይዞዎት» እልና ቁስሉ ላይ የደረቀውን የጎዝ ጨርቅ ከነቅርፊቱ እስበዋለሁ። አስተማሪዬ ሰምታ ተቆጣችኝ። ከዚያ ወዲህ ጨው በተበጠበጠበት ለብ ያለ ውሃ አርሼ፣ ቀስ ብዬ ማንሳት ጀመርኩ። ሕመሙ መቀነስ ነበረበት፤ እሳቸው ግን ባሰባቸው። ፋሻውን ሳልፈታ ላብ ያጠምቃቸዋል። ኅዳር ላይ ሰፈሩ ሁሉ በየደጁ በተሰጣ ቡና ይሸታል፤ ከአጋሮ የተላከልንን በቅቤ የታሸ ጭኮ እንኳ አፋቸው አላደረሱም። አንድ ጠዋት ቁርጣቸውን ነገሩኝ፤ «በቃኝ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። ከነገ በኋላ አልነካም። አላህ ያለው ይሁን።»

በማግስቱ የመጨረሻ ነው ብለው እግራቸውን ዘረጉልኝ። እኔ በር አጠገብ እጄን በሳሙና እየታጠብኩ ነው። ጎረቤታችን ሐጃ ሐሊማ ገቡና ያሰጡትን ቡና ሳይታሰብ ዝናብ እንደደበደበባቸው አማረሩ። ዞሬ ለእሳቸው «አይዞዎት» አልኳቸው።

አዳዳ እግራቸውን ሰብስበው ጮኹ፤ «ቀስ በይ፣ አቃጠልሽኝ!»

ሐጃ ሐሊማ እኔንም እሳቸውንም አዩ። «ዘሃራ፣ ልጅቷ እዚያ ናት። ጂኒ ነው የነካሽ?»

አዳዳ አረፋ የለበሰውን እጄን አዩ፣ እግራቸውን አዩ። እኔም ውሃው እጄ ላይ እየፈሰሰ ቆሜ ቀረሁ። ማጽናኛ ነው ብዬ በየቀኑ የምለው ቃል፣ በመጀመሪያው ሳምንት እሱን ብዬ ጎዙን ስስብ ስለሰነበትኩ፣ ሕመም መጣ ማለት ሆኖባቸው ነበር። ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ብቻ እንዲጨምሩልኝ ለመንኳቸው። ከአልጋው አንስቼ በረንዳ ላይ አስቀመጥኳቸው። አያምም ብዬ መዋሸት ፈራሁ፤ ሲያምዎት እጄን ይያዙት፣ አቆማለሁ አልኳቸው። ከዚያ በ«አይዞዎት» ፈንታ፣ ምግብ ስንቀርብ እንደምንለው «ቢስሚላህ» ብቻ አልኩ። ያን ቀን እጄን ሁለት ጊዜ ያዙኝ። ሕመሙ አልጠፋም፤ ግን ነገም እጠቢኝ አሉኝ። እያደር የአጋሮ ነጋዴዎችን እያሙልኝ ማሳጠብ ለመዱ።

ቁስሉ የጠገገ ዕለት «እስቲ ያቺን ቃልሽን በያት» አሉኝ። እምቢ ብል አልተዉኝም። «አይዞዎት» አልኩ። የዳነው እግር ተስቦ ቀሚሳቸው ስር ገባ። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

ዘንድሮ ባለቤታቸው አረፉ። ከዚህ ደውዬ «አላህ ሰብር ይስጥዎት» አልኩና ሌላ ቃል ፈልጌ አጣሁ።

«ያቺን ቃል ሁሉም ብለውኛል» አሉኝ፣ «አንቺ ብቻ ቀረሽ።»

ፈራ ተባ እያልኩ «አይዞዎት» አልኳቸው። ከዚያ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ትንፋሻቸውን አዳመጥኩ። እግራቸው ተሰብስቦ እንደሆነ ግን ከዚህ ሆኜ ማየት አልቻልኩም።