እንጨት ሆነን የተኛንበት ቀን

ዲከረንስ ከሚባለው ዛፍ የሚከሰለው ከሰል ጭስ ሚኒባሱ ውስጥ ሲገባ ሰው ሁሉ መስኮቱን ዘጋ፣ እኔ የኔን ከፈትኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ «ምነው ልጄ፣ ልትፈጂን ነው?» ሲሉኝ መልሼ ዘጋሁት፤ ሽታው ግን አንዴ ገብቷል፣ ዳንግላን ለቀን ገና እንጅባራ ሳንደርስ እኔ ስድስት ዓመቴ ላይ ደርሼ ነበር።

አባቴ ከሰል አክሳይ ነው። ቤታችን እንጅባራን በሌላ ስሟ ከምንጠራት ከቆሰበር ወጣ ብሎ ነበር። ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ አባቴ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ገዝቶ፣ እጄን ይዞ መዋዕለ ሕፃናት አስገባኝ። ችግሩ፣ መምህራችን ቲቸር ስንዱ ደብተር አትወድም ነበር። ጠዋት ጠዋት እጅ ለእጅ ተያይዘን እየዞርን በአማርኛም፣ አብዛኞቻችን ቤት በምንናገረው በአገውኛም እንዘፍን ነበር፤ ከዚያ ከጓሮ ጭቃ አምጥተን፣ አቡክተን፣ ፊደል እንሠራ ነበር፤ ጭቃው ሲያልቅ ደግሞ ራሳችን ፊደል እንሆን ነበር። «በ»ን ለመሥራት ሁለት ልጅ እግር፣ አንድ ልጅ ጣራ ሆኖ መሬት ላይ ይተኛል፣ እኔ ሁሌም ጣራውን ካልሆንኩ ብዬ እጣላ ነበር። ወደ ቤት የምመለሰው ጉሮሮዬ ተዘግቶ፣ ቀሚሴ ጭቃ ሆኖ፣ ደስታዬን መያዝ አቅቶኝ እየሮጥኩ ነበር።

በጥቅምት ፀሐይ አባቴ ከከሰሉ ክምር ሲመለስ፣ ጥቁር እጁን ታጥቦ ደብተሬን ይገልጥ ነበር። ባዶ። ቀጣዩም ገጽ ባዶ። የጎረቤታችን የእትዬ አለሚቱ ልጅ ሌላ ትምህርት ቤት ገብታ አንድ ደብተር ጨርሳ ሁለተኛ ጀምራለች፣ እናትየዋም በአጥሩ ላይ ብቅ እያለች «አያ ፈንቴ፣ የናንተዋ ምን ተማረች? ጭቃ ማቡካት ነው? እሱንማ በሬውም ያውቀዋል» ትል ነበር። ኅዳር ሲገባ አባቴ ቁርጡን ተናገረ፤ እስከ ገና ደብተሩ ላይ ጽሑፍ ካላየ አውጥቶ እዚያኛው ትምህርት ቤት ሊያስገባኝ ነው። እዚያ ልጆቹ ወንበር ላይ ተደርድረው እጃቸውን በማስመሪያ እየተመቱ እንደሚጽፉ ልጅቷ ነግራኛለች። አለቀስኩ፣ እራት እምቢ አልኩ፣ አባቴ ግን ንቅንቅ አላለም።

ታኅሣሥ ላይ ቲቸር ስንዱ ቤታችን ምን ሥራ እንደሚሠራ በየተራ ስትጠይቀን እኔ ስለ ከሰል አወራሁ፣ ክፍሉ በሙሉ ካልሠራነው ሞተን እንገኛለን አለ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሌላ ነገር አላሰብንም። ወላጆች የተጠሩ ዕለት አሥራ ስምንት ልጆች እንጨት ሆነው ወለሉ ላይ ተጋደሙ፣ በላያቸው ላይ ሣርና ጆንያ አለበስናቸው። ነጭ ነጠላ የያዙ ሁለት ልጆች መጀመሪያ የሚወጣው ነጩ ጭስ ነበሩ፤ ሰማያዊ ሻሽ የያዘችው ደግሞ ከሰሉ ሲደርስ የሚወጣው ሰማያዊው። እኔ አባቴን ሆኛለሁ፣ በትር ይዤ እዞራለሁ። እውነተኛው አባቴ በሩ ላይ ቆሟል፣ የመጣው እኔን ሊያስወጣ ነው፣ አልቀመጥም ብሏል።

ሰማያዊው ሻሽ ሲውለበለብ «ደርሷል፣ ክፈቱት» አልኩ።

«ኧረ ገና ነው» አለ ከበሩ።

«ሰማያዊ ሆኗል እኮ አባ።»

«ምን ሰማያዊ፣ ሲጀመር አደራደሩ ልክ አይደለም። ወፍራሙ መሐል፣ ቀጭኑ ዳር ነው» አለና ከነቦቲው ገባ፣ ጆንያውን ገልጦ ልጆቹን ባንድ ባንድ ያነሳ ጀመር። «አንተ ወፈር ያልከው፣ ና መሐል። አንቺ ደግሞ ከዳር።»

«እኔ መቼ ነው የምከስለው?» አለው አንዱ።

«ዝም ብለህ ተኛ። እንጨት አያወራም።»

ወላጆቹ በሳቅ ፈረሱ፣ እሱ ግን ከልቡ ነበር። ቲቸር ስንዱም አላስቆመችውም፤ «አቶ ፈንቴ፣ ስንት መተንፈሻ ቀዳዳ ይበቃዋል?» አለችው።

«ለዚህ ስድስት። ካነሰ እሳቱ ይሞታል፣ ከበዛ አመድ ነው የሚሆን።»

ማንም ሳያዘኝ የከሰል ስባሪ አንስቼ ክምሩን ዞርኩ፣ ወለሉ ላይ ስድስት ክብ ሣልኩ፣ በየክቡ ውስጥ ከአንድ እስከ ስድስት ቁጥር ጻፍኩ፣ ከስድስተኛው አጠገብ ደግሞ «እናኑ ፈንቴ» ብዬ ስማችንን። አባቴ ጎንበስ ብሎ ብዙ አየው።

«ይሄን መቼ ተማርሽው?»

«እኔ እንጃ» አልኩት። እውነቴን ነበር፣ ስማር እንደነበር አላወቅኩም።

ስለ ማስወጣት ምንም አላነሳም። ወደ ቲቸር ስንዱ ዞሮ «ሰኞ ክምር እከፍታለሁ፣ ሁሉንም ያምጧቸው» አላት፣ አንዷን ሊወስድ የመጣ ሰው። ጥርና የካቲትን ሙሉ ከክፍሉ አልጠፋም፤ እናቶች ጥቁር ፊት እያጠቡ ሲራገሙት ይስቅ ነበር።

ዘንድሮ በቅድመ መደበኛ ትምህርት ተመርቄ ዳንግላ ማስተማር ጀምሬያለሁ። ትዕግሥት ስለሌለኝ በመጀመሪያው ሳምንት ወንበሮቹን ዳር አስያዝኩ፣ ርዕሰ መምህሩ አኮረፈ፣ ልጆቹ ግን በደስታ አበዱ። ወላጆች ጠዋት ባጃጅ አቁመው ልጃቸውን ከበር አስረክበው ይሄዳሉ፣ ማታ ደውለው «ቲቸር፣ እንዴት ነች?» ይላሉ፣ «ጎበዝ ነች» እላለሁ፣ አለቀ። አይቆጡኝም፣ አይከራከሩኝም። አባቴ የመጣው ሊያስወጣኝ ነበር፣ ግን መጥቷል። እኔ የክፍሌን በር ከፍቼ ነው የማስተምረው፤ እስካሁን አንድም ሰው ከነጫማው ገብቶ «ተሳስታችኋል» አላለንም።